ኮርኒሱ ይቀድማል

ፒዮ ዶክሱ በናምዎን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የግድግዳ ወረቀት ሲለጥፍ ኖረ። በራሱ ማስታወሻ መሠረት የለጠፋቸው ክፍሎች አራት ሺህ ሁለት መቶ ስድስት ናቸው። እኔ ማረጋገጥ የቻልኩት ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባውን ነው። ጥቁርና ነጭ ጠጠር በሰሌዳ ላይ እየተደረደረ መሬት የሚታጠርበት የባዱክ ጨዋታ ቤት ውስጥ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአምስተኛ ደረጃ አልተነቃነቀም። ይህኛውን ማረጋገጥ አላስቸገረኝም። ስሙ የተጻፈበት ጣውላ ግድግዳው ላይ የተሰቀለበት ሚስማር አንድ ጊዜም አልተነቀለም።

ባለቤቴ ነበር። የተገናኘነው በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል ነው። እኔ የመዛግብት አያያዝ ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ክፍሉን ሊለጥፍ መጣ። መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ ጭምር ለጠፈ። ማንም የማያየውን ለምን እንደሚለጥፍ ስጠይቀው፣ «ግድግዳው ያውቃል» አለኝ። ይህ በቂ ምክንያት አይደለም። ቢሆንም በስድስት ወሩ ተጋባን።

ባዱክ የሚጫወት ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው አንድ ነገር አለ። ማዕዘን ይቀድማል፣ ከዚያ ዳሩ፣ መሐሉ መጨረሻ ነው። ማዕዘን ላይ ሁለቱ አጥር በሰሌዳው ጠርዝ ቀድሞ ስለተሠራ በጥቂት ጠጠር ብዙ መሬት ይታጠራል። መሐል ላይ ግን አራቱንም አጥር ራስህ ማጠር አለብህ። ይህን የማይቀበል ሰው አላውቅም፣ ከአንዱ በቀር።

ዶክሱ ለጣፊ ነው። ለጣፊ ከኮርኒስ ይጀምራል። ግድግዳውን ያስቀደመ ሰው የኮርኒሱ ሙጫ እየተንጠባጠበ ሥራውን ያበላሽበታል። ማዕዘን ደግሞ ትርፍ ወረቀት የሚቆረጥበትና ጥፋት የሚደበቅበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጥቁር ጠጠር ሲደርሰው የመጀመሪያውን ሁልጊዜ የሰሌዳው እምብርት ላይ ያስቀምጠዋል። ነጭ ሲደርሰው እምብርቱ ካልተያዘ እዚያው፣ ከተያዘም አጠገቡ። ሐሳቡን ልጃችን ሚራን ጀምራ በተወችው የሒሳብ ደብተር ላይ በአሥራ ሁለት አንቀጽ ጽፎታል። አንቀጽ አንድ «ኮርኒሱ ይቀድማል» ይላል። አንቀጽ አራት «ማዕዘን ውስጥ ማንም አይኖርም፤ እንግዳ ስትጋብዝ የት ነው የምታስቀምጠው?» ይላል። አንቀጽ ዘጠኝ ተሰርዟል። ምን እንደነበረ ጠይቄው «ስሕተት ነበር» ብሎኛል፤ ስለ ሌሎቹ አሥራ አንዱ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ባዱክ ቤቱ ከገበያው ጀርባ፣ ከብረታ ብረት መሸጫው በላይ ነው። ባለቤቱን ናም ሳንግበምን ሁሉም «ዳይሬክተር» ይለዋል። ግድግዳው ላይ የደንበኞቹ ስም በየደረጃው ተሰቅሏል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰውየው ይበልጣል። ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ለመውጣት ከአራተኛ ደረጃ ሰው ጋር፣ ለደካማው የሚሰጠው ቅድሚያ ጠጠር ሳይሰጥህ፣ እየተመዘገበ በሚደረግ ጨዋታ አንድ ጊዜ ማሸነፍ ይበቃል። አራተኛ ደረጃ ላይ ሐሙስ ሐሙስ የሚገኘው ፋርማሲስቱ ባንግ ኢንቾል ነበር። ከዶክሱ በአራት ዓመት ይበልጣል፤ ማዕዘን ይወዳል።

«ለጣፊው መጣ!» ይላል ባንግ ገና ደረጃው ላይ ኮቴውን ሲሰማ። «ጭንቅላታችሁን ሸፍኑ፣ ሙጫ ይንጠባጠባል።»

«ጋሼ ባንግ፣ ዛሬ ማዕዘንህን ታቅፈህ ነው ወደ ቤትህ የምትገባው።»

«እኔስ ማዕዘን አለኝ የማቅፈው። አንተ ሰማይ አቅፈህ የምታተርፈው ዝናብ ነው።»

ዳይሬክተሩ ናም ነገሩ ያሳዝነው ነበር። የዶክሱ እጅ መጥፎ እንዳልሆነ ያውቃል። አንድ ቀን ሁሉም ባሉበት ሻይ ቀድቶለት አጠገቡ ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከማዕዘን ጀምር። በወሩ ስምህን አራተኛ ላይ ካልሰቀልኩት ይህን ቤት ዘግቼ ዓሣ እሸጣለሁ።»

«ስሜ ይወጣል እንበል» አለ ዶክሱ። «ሐሳቡስ የት ይሰቀላል?»

«ሐሳቡን ተወው! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ሠራልህ?»

«ዳይሬክተር፣ ዓሣው አይሽተትብህ፣ አትዝጋው» ብሎ ተነሣ።

ከባንግ ጋር ያለ ቅድሚያ ጠጠር ሰማንያ ስምንት ጊዜ ተጫውቷል። ሁሉም እኔ ጋ አለ፤ ሐሙስ ራት ከበላን በኋላ ከትዝታው እየመለሰ ሰሌዳ ላይ ያስቀምጣል፣ እኔ በቁጥር እመዘግባለሁ። አንዱ ጠጠር ሲጠፋው «እዚህ ጋ ባንግ አስሎ ነበር» ይልና ያገኘዋል። ሰማንያ ስምንቱንም ተሸንፏል። ትንሹ ሽንፈት በሰባት ተኩል ነጥብ ነው። ትልቁን መቁጠር አልተቻለም፤ በሠላሳ አንደኛው ጠጠር እጁን ሰጥቷል። ስልክ ተደውሎለት እንደነበር ይናገራል። በዚያ ዘመን ባዱክ ቤቱ ስልክ አልነበረውም።

በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስድስት እ.ኤ.አ.፣ በነሐሴ መጨረሻ ጉበቱ ታመመ። ሐኪሙ እንደ ወጉ እኔን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ነገረኝ፤ ለእሱ እንዳልነግረው አስጠነቀቀኝ። ስመለስ ዶክሱ ልብሱን ለብሶ ቆሟል።

«ስንት ወር አለ?» አለኝ።

«ስለ ምን?»

«የሚራን እናት፣ በሩ ስስ ነው። ወረቀቱም ከታች ተላቅቋል። ማን እንደለጠፈው ጠይቂልኝ።»

ሦስት ወር ነበር የተባለው። ወደ ቤት ስንሄድ አውቶቡሱ ገበያው ፌርማታ ላይ ሲደርስ የሚፈልገውን ነገረኝ፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመሐል ጀምሮ ባንግን ማሸነፍ። አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ግን የሚመዘገብ መሆን አለበት። «ባለሙያ ቤቴ እያለሽ ሌላ መዝጋቢ አልጠራም» አለ።

ጨዋታው ለጥቅምት ሁለተኛው ሐሙስ ተቆረጠ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ስንደርስ ባዱክ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ባንግ ክራቫት አድርጓል። የዶክሱን መድኃኒት የሚያዘጋጀው እሱ ስለሆነ ሕመሙን ከሚራን ቀድሞ ያውቃል። በዚያን ቀን ስለ ሙጫ አልቀለደም። ዶክሱ ይህን ስላልወደደው ራሱ ቀለደ።

«ጋሼ ባንግ፣ ክራቫቱ ለማን ነው? ለቅሶ ቀድመህ ደረስክ እኮ።»

«ዝም ብለህ ተጫወት» አለ ባንግ።

ዶክሱ ጥቁር ደረሰው። የመጀመሪያውን ጠጠር እምብርቱ ላይ አስቀመጠ። ከኋላ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ባንግ ማዕዘን ያዘ።

ያን ጨዋታ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ደርድሬ አይቼዋለሁ። ባንግ በጨዋታው ጊዜ አልለገመም፤ ጠጠር በጠጠር መርምሬ የሰጠው ነገር አላገኘሁም። ዶክሱ ነው በደንብ የተጫወተው። አራቱንም ማዕዘን ለባንግ ለቆ መሐሉን እንደ ኮርኒስ ዘረጋው፣ ከዚያ ወደ ዳሮቹ ቀስ እያለ አወረደው። በሁለት ቦታ ግን ጠጠሮቹ ተከበው ተማረኩበት። በመቶ አራተኛው ላይ ዘጠኝ፣ በመቶ ስድሳ ስምንተኛው ላይ አምስት። ሁለቱንም በወረቀቴ ኅዳግ ላይ ጽፌያለሁ። ከዳር ሆኖ ምክር መስጠት በቤቱ ክልክል ስለሆነ የሚመክሩት ስምንት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

«ዝጋው፣ ዝጋው፣ ከላይ ነው የሚገባብህ!»

«አንተ ዝጋ፣ አፍህን።»

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የቀረ ቦታ አልነበረም። መቁጠር ተጀመረ። ሲቆጠር የማረክኸውን ጠጠር መልሰህ የባለጋራህ መሬት ውስጥ ትሞላዋለህ፤ የሞላኸው ያህል መሬት ይቀንስበታል። ዶክሱ የማረካቸውን ዘጠኝ ነጭ ጠጠሮች በባንግ መሬት ውስጥ አስቀመጠ። ባንግ ምርኮውን ያጠራቀመበትን የጠጠር ጎድጓዳውን ክዳን አነሳ። ሳል ያዘው፤ መሐረብ ፍለጋ እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ክዳኑን ዘቅዝቆ ጥቁሮቹን ዶክሱ መሬት ውስጥ አንድ በአንድ ሞላ። አሥራ አንድ ነበሩ።

ዳይሬክተሩ ናም ጎንበስ ብሎ መሬቱን በአሥር በአሥር አስተካክሎ ቆጠረ።

«ጥቁር ስልሳ አንድ። ነጭ አምሳ አምስት፤ ኋላ ስለጀመረ የሚጨመርለት አምስት ተኩል ሲገባ፣ ስልሳ ተኩል።» ቀና አለ። እንደገና ጎንበስ ብሎ አየ። «ጥቁር በግማሽ ነጥብ!»

ቤቱ ተነቃነቀ። የማያጨበጭብ አልነበረም። አንዱ ስልክ አንሥቶ ጥቁር ስጎ የፈሰሰበት ኑድል ለሃያ ሰው ማዘዝ ጀመረ። ሌላው የዶክሱን ትከሻ እየደበደበ «ኮርኒስ! ኮርኒስ!» ይላል። ዶክሱ ሰሌዳው ላይ አቀርቅሮ ጆሮው ቀልቷል። ናም ስሙን ወደ አራተኛ ለማውጣት መሰላሉን ሊያመጣ ሄደ።

«ምርኮው አሥራ አራት ነው» አልኩ።

መጀመሪያ የሰማኝ ባንግ ነው። ደግሜ ተናገርኩ።

«ምን አሉ የሚራን እናት?» አለ ናም መሰላሉን እንደተሸከመ።

«አቶ ባንግ የሞሉት አሥራ አንድ ጠጠር ነው። የማረኩት አሥራ አራት ነው። ዘጠኙ በመቶ አራተኛው፣ አምስቱ በመቶ ስድሳ ስምንተኛው። ሦስት ይጎድላል።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ ባንግ። «ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።»

«እርስዎ በቀን ሁለት ሺህ ክኒን ይቆጥራሉ።»

ይህን መጨመር አያስፈልግም ነበር።

«የሚራን እናት!» አለ ናም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባልዎ እኮ ነው!»

«ማን እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ሚስት ነች ወይስ የጉምሩክ ፈታሽ?» አለ ከኋላ አንዱ። ሌላው፣ ከዳር ሆኖ መናገር ክልክል አይደለም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ይህ ደንብ በዚያ ቤት ሲከበር ያየሁት በዚያን ሰዓት ብቻ ነው።

ዶክሱ መዳፉን ወደ ባንግ ዘረጋ። ባንግ እጁን ኪሱ ከተተና ሦስት ጥቁር ጠጠሮች አወጣ። ዶክሱ ተቀብሎ በራሱ መሬት ውስጥ ሦስቱንም አስቀመጣቸው። ከዚያ ከወረቀት ሥር አየር እንደሚያስወጣ ሰው የሰሌዳውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«በሁለት ተኩል» አለ። «ኑድሉን አትሰርዙት፣ የተሸነፈ ነው የሚጋብዘው።»

በላን። ባንግ ሳህኑን ሳይነካ ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዶክሱ ድልድዩ ላይ ደክሞት ቆመ።

«ዝም ማለት ነበረብኝ?» አልኩት።

«ነበረብሽ።»

እኔም ቆምኩ።

«ግን አንቺ ባትናገሪ እኔ መናገር ይኖርብኝ ነበር» አለ።

«ቆጥረህ ነበር?»

«ከመቶ አራተኛው ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አጨብጭበው እስኪጨርሱ ነበራ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው እኮ፣ የሚራን እናት። ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት?»

ዳይሬክተሩ «በግማሽ ነጥብ» ካለበት እኔ እስከተናገርኩበት ድረስ ያለው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ውጤቱ የሚመዘገበው መሰላሉ ከቆመ በኋላ ስለሆነ ቢያንስ ሌላ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ይቻል ነበር። መዝገቡም አይጎድልበትም። እኔ ግን አልጠበቅኩም።

ከዚያ በኋላ ደረጃ መውጣት አልቻለም። በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታል ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ባንግ የሚታጠፍ ሰሌዳ በብብቱ ይዞ መጣ። ለእኔ አንገቱን ሰብሮ ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔም የበለጠ ዝቅ አልኩ።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ ለዶክሱ።

«ይቅርታ በሰሌዳ ነው የሚጠየቀው?»

«ዛሬ ጥቁሩን እኔ ልያዝ።»

ሰሌዳውን አልጋው ላይ ዘረጋ። የመጀመሪያውን ጠጠር አንሥቶ እምብርቱ ላይ አስቀመጠ።

ዶክሱ ትራሱን አስተካክዪልኝ አለኝ። አስተካከልኩለት። ሰሌዳውን ከቅርብ አየው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ኮርኒስ እየለጠፍኩ።»

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከምን ጋር ስትታገል እንደነበር በራሴ እጅ ልየው ብዬ ነው።»

ዶክሱ ነጭ ጠጠር በጣቶቹ መሐል ያዘ። አጠገቡ ሊያስቀምጥ እጁን ሰደደ፣ መለሰው።

«ኮርኒሱን አንዱ ከያዘ፣ ሌላው ሰውዬ የት ይሂድ?» አለ ለራሱ።

«ማዕዘን» አልኩ።

«ማንም አልጠየቀሽም» አለና ማዕዘን ላይ አስቀመጠው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ነርሷ ሁለት ጊዜ መጥታ ተመለሰች። ባንግ ላቡን እየጠረገ ነበር የሚጫወተው። ዶክሱ ሌሎቹንም ማዕዘኖች ወሰደ፤ ሲወስዳቸው ሌላ ሰው እጁን ይዞ የሚያስወስደው ይመስል ፊቱን ያኮሳትራል። ሲቆጠር ነጭ በአሥራ አንድ ተኩል አሸነፈ። ምርኮውን እኔ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ልክ ነበር።

ጨዋታውን የመዘገብኩበትን ወረቀት በኋላ ስም ሳልጠቅስ ቾንጁ ከተማ ለሚኖር አንድ የባዱክ አስተማሪ አሳይቼዋለሁ። ጥቁሩ ለግሞ እንደሆነ ነበር ማወቅ የፈለግኩት። «አይደለም» አለኝ። «ጥቁሩ ጥሩ ተጫዋች ነው። መጥፎ ሐሳብ ይዞ ነው እንጂ።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለ ባንግ ጠጠሮቹን እየለየ። «ተመዝግቧል፣ ቅድሚያ ጠጠር የለበትም። ለዳይሬክተሩ እነግረዋለሁ፤ ዛሬውኑ ስምህን ያወጣዋል።»

«ማንን አሸንፌ ነው?»

«እኔን ነዋ።»

«አንተን አይደለም። የተሸነፈው ኮርኒስ የኔ ሥራ ነው፤ አንተ የቀን ሠራተኛ ነህ።» ወደ እኔ ዞረ። «ደብተሩን አምጪው።»

ይዤው ነበር። አንቀጽ አሥራ ሦስትን ቃል በቃል እንዳለው ጻፍኩ፦ «ወረቀት የቀባኸውን ሙጫ ሳይጠጣ አትስቀለው። ባንግ አልጠበቀም።»

«የት ጋ ነው ያልጠበቅኩት?» አለ ባንግ ተቆጥቶ።

«ሃያ ሦስተኛው ጠጠር ላይ።»

«ሃያ ሦስተኛው ላይ? እዚያ ጋ ብጠብቅ ቆርጠኸኝ ትገባ ነበር!»

«ልግባ! ገብቼ የት እደርሳለሁ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ያሸነፍከው አንተ ነህ እኮ! ለማን ነው የምትከራከረው?»

ነርሷ ሦስተኛ ጊዜ መጥታ ባንግን አስወጣችው። ኮሪደሩ ላይ ሆኖ እንኳ ስለ ሃያ ሦስተኛው ሲናገር ይሰማ ነበር።

ዶክሱ በዘጠነኛው ቀን አረፈ። ዳይሬክተሩ ናም መጥቶ ስሙን አራተኛ ላይ ሊሰቅለው እንደሚችል ነገረኝ። ሟቹ ስለ ጨዋታው ያለውን ነገርኩት። ናም ደብተሩን አንብቦ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ባንግ በዓመቱ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ቤታችን መምጣት ጀመረ። እስከ ሃያ ሁለተኛው ጠጠር ድረስ የሆስፒታሉን ጨዋታ ከመዘገብኩት ወረቀት እንደረድራለን። ከዚያ ጥቁሩን እኔ እይዛለሁ፤ ሃያ ሦስተኛው ላይ ወደ ፊት ሳልገፋ ያለኝን አጠናክሬ እጠብቃለሁ። እሱ ቆርጦ ይገባል። በየሳምንቱ የምጠብቅበትን ቦታ በሰሌዳው ላይ በአንድ መስቀለኛ እለውጣለሁ፣ እመዘግባለሁ። እስካሁን አርባ አንድ ጨዋታ ተደርጓል። ጥቁር አንዱንም አላሸነፈም። ትንሹ ሽንፈት በአንድ ተኩል ነጥብ ነው፤ ያልተሞከሩ አሥራ ሰባት ቦታዎች ይቀራሉ።